አባቴን በዘ ጋን ባቡር ልወስደው አስቤያለሁ፤ የሄደበት ሰው አለ?

የከዚራ ልጅ (ሜልቦርን)፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አባቴ ሊጠይቀን ከድሬዳዋ መጥቷል። ምድር ባቡር ወርክሾፕ ሲሠራ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሜልቦርን ላይ ያላሳየነው ነገር የለም፤ ባሕሩን፣ ገበያውን፣ ፔንግዊኖቹን። «ጥሩ ነው» ይላል፣ በቃ። ባለፈው ግን የባቡር ማቋረጫ ላይ ቆመን የጭነት ባቡር ሲያልፍ ፉርጎዎቹን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆጠራቸው። ማታውን ሙሉ ስለሱ ሲያወራ አመሸ።

ስለዚህ በዘ ጋን ልወስደው አሰብኩ። ከአዴላይድ ተነስቶ በረሃውን መሀል ለመሀል አቋርጦ ዳርዊን የሚገባው ባቡር ነው፤ 2,979 ኪሎ ሜትር። ዋጋውን ሳይ ግን ራሴን ያዝኩ። የሄደበት ሰው ካለ፦ ገንዘቡ ያወጣል ወይ? ዕድሜው ለገፋ ሰው ይመቻል? ከየትኛውስ ጫፍ መነሳት ይሻላል?

ቆጣቢው፦

እህቴ፣ በዚያ ገንዘብ አባትሽን ይዘሽ ድሬ ደርሰሽ ትመለሺያለሽ። ለዘመድ የምትሰጪውም ይተርፍሻል። ከሜልቦርን ዳርዊን በአውሮፕላን አራት ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ነው። ባቡሩ ሁለት ሌሊት አሳድሮ ምን ሊያሳይሽ ነው? ቀይ አፈር። ከዚያስ? ቀይ አፈር።

አዴላይድ ነኝ፦

መድረስ የቸኮለ ሰው በዘ ጋን አይሄድም፣ እሱማ የታወቀ ነው። እኔና ባለቤቴ ሄደንበታል። ዋጋው ውድ ነው፣ አልዋሽሽም። ግን ምግቡም፣ መጠጡም፣ በየመቆሚያው ወርዳችሁ የምትጎበኙትም በዚያው ውስጥ ነው። ከተሳፈርሽ በኋላ ቦርሳሽን የምትከፍችበት ምክንያት እምብዛም የለም።

ከአዴላይድ እኩለ ቀን አካባቢ ይነሳል። የመጀመሪያው ከሰዓት የስንዴ ማሳ ነው፣ ወደ ማታ የፍሊንደርስ ተራሮች በስተቀኝ ይታያሉ። በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ ማርላ የሚባል ቦታ ያቆማል። ከተማ አይደለም፣ ምንም የሌለበት ሜዳ ነው። እሳት አንድደው ትኩስ ነገር ይዘው ይጠብቁሻል። ሰማዩ መጀመሪያ ግራጫ፣ ቀጥሎ ሐምራዊ፣ ከዚያ መሬቱ ራሱ ፍም የመሰለ ይሆናል። ብርዱ ግን አይጣል ነው! «በረሃ ነው» ብለሽ በስስ ልብስ እንዳታወርጂው። ከሰዓት አሊስ ስፕሪንግስ፣ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ካትሪን፣ ወደ ማታ ዳርዊን።

ክፍሉን በተመለከተ፦ ጎልድ የሚባለው የሁለት ሰው ክፍል ቀን ሶፋ ነው፣ ማታ እራት ላይ ሳላችሁ አስተናጋጁ ወደ ተደራራቢ አልጋ ይለውጠዋል። ላይኛው በመሰላል ነው የሚወጣው፤ እሱ ያንቺ ነው ማለት ነው። ሻወርና ሽንት ቤት ውስጡ አለው፣ ጠባብ ቢሆንም። የአንድ ሰው ክፍል ከያዛችሁ ግን ሻወሩ የጋራ ነው፣ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ። ለአባትሽ እሱን አልመክርም፤ ሌሊት በሚንቀጠቀጥ ኮሪደር መሄድ ለጉልበት ጥሩ አይደለም። ፕላቲነም ሰፊ ነው፣ ዋጋውም እንደዚያው።

ትልቁ ሻንጣ ወደ ዕቃ ፉርጎ ይገባና እስክትደርሱ አታገኙትም። መድኃኒቱን፣ ጃኬቱንና ቅያሪውን በትንሽ ቦርሳ ያዙ።

ፉትስክሬይ ቡና፦

ዋናው ጥያቄ አልተጠየቀም። ቡና ማፍላት ይቻላል? 😄

አዴላይድ ነኝ፦

@ፉትስክሬይ ቡና ቆልተህ ጭሱን ስታስነሳ የእሳት ማንቂያው ጮሆ ባቡሩ በረሃ መሀል ሲቆም ይታየኛል። ቴርሞስ ያዝ።

ታሪክ ወዳድ፦

የባቡር ሰው ከሆኑ አባትሽ ከመሄዳቸው በፊት ታሪኩን ቢሰሙ ደስ ይላቸዋል። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

ስሙ የመጣው «አፍጋን» ከሚለው ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ያንን በረሃ ፈረስና በሬ አልቻለውም ነበር። ስለዚህ ግመል ከነነጂው አስመጡ። ሁሉም አፍጋን ይባሉ እንጂ ብዙዎቹ ከባሉቺስታን፣ ከፑንጃብና ከሲንድ የመጡ ነበሩ። በ1872 የተጠናቀቀው የቴሌግራፍ መስመር ዕቃ፣ የከብት አርቢው ስንቅ፣ በኋላም የባቡሩ መሥሪያ ሁሉ በእነሱ ግመል ጀርባ ነው የተጓጓዘው። አዴላይድ መሀል ከተማ በ1880ዎቹ መጨረሻ የሠሩት መስጊድ እስከ ዛሬ ይሰገድበታል። ሀዲዱና የጭነት መኪናው ሲመጣ ደግሞ ሥራቸውን ነጠቃቸው። በ1925 የደቡብ አውስትራሊያ መንግሥት ባለቤት የሌለውን ግመል መግደል የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። ብዙዎቹ ነጂዎች ለጥይት ከመስጠት በረሃ ለቀቋቸው ይባላል። ዛሬ አውስትራሊያ ዱር የገባ ግመል በብዛት ያላት አገር የሆነችው በዚህ ነው። ከመስኮቱ ግመል ካያችሁ የነዚያ ዘር ነው።

ሀዲዱ ራሱ ትዕግሥት ያስጨርሳል። ከፖርት ኦገስታ በ1878 ተጀመረ፣ ኡድናዳታ በ1891 ደረሰ፣ እዚያ ቆመ። አሊስ ስፕሪንግስ የገባው በነሐሴ 1929 ነው። የድሮው መስመር ጠባብ ነበር፣ በሁለቱ ሀዲዶች መካከል 1,067 ሚሊ ሜትር። በዚያ ላይ የዘረጉት ጎርፍ በሚመታው ቆላ ነው። ለዓመታት ደርቆ የከረመ ወንዝ በአንድ ሌሊት ሞልቶ ሀዲዱን ይዞት ይሄዳል። ከሥር ያለውን እንጨት ደግሞ ምስጥ ይበላዋል። ባቡሩ አንዴ ሁለት ሳምንት በጎርፍ ተከቦ፣ ነጂው የዱር ፍየል እየተኮሰ ተሳፋሪ መገበ እየተባለ ይተረካል።

በ1980 ያንን ትተው 160 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ አዲስ ሰፊ መስመር ከፈቱ፤ ከሥሩ እንጨት ሳይሆን ኮንክሪት። ምስጡ ተሰናበተ ማለት ነው። ከአሊስ ዳርዊን ያለውን የፌዴራል መንግሥቱ ኖርዘርን ቴሪቶሪን (አሊስና ዳርዊን ያሉበትን ግዛት) በ1911 ሲረከብ እሠራለሁ ብሎ ነበር። የመጀመሪያው የመንገደኛ ባቡር ዳርዊን የገባው የካቲት 3 ቀን 2004 ነው።

አቦ ድሬ፦

አቦ! ይሄማ የእኛው ታሪክ ነው። የእኛም ከጅቡቲ በ1897 ተጀምሮ ድሬ በ1902 ደርሶ እዚያ ቆመ። አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ልዩነቱ የእኛ ሲቆም ከተማ ወለደ። ድሬን ማን ሠራት? ባቡር! እነሱ ኡድናዳታ ላይ ቆመው ምን ወለዱ?

@የከዚራ ልጅ አባትሽን እዚህ ሠፈር የማያውቀው የለም። ውሰጂው። የቆጣቢውን ወሬ አትስሚ።

ቆጣቢው፦

ከድሬ ሆነህ በሰው ዶላር ለጋስ ስትሆን ደስ ይላል።

ሹፌሩ፦

እኔ ዘ ጋን ላይ ተሳፍሬ አላውቅም፣ ግን ከደቡብ እስከ ዳርዊን የሚወጣውን አውራ ጎዳና፣ ስቱዋርት ሃይዌይን፣ በመኪና ወጥቼ ወርጄዋለሁ። ሁለቱም ወገን ላይ አስተያየት አለኝ።

ቆጣቢው እንዳለው አብዛኛው መንገድ ሜዳ ነው፣ እውነቱን ነው። ፎቶው ላይ የምታዩት ገደልና ወንዝ ከባቡሩ መስኮት የሚታይ እንዳይመስላችሁ፤ ወርዳችሁ በአውቶቡስ ሄዳችሁ ነው የምታዩት። ግን በመኪና ይሻላል የሚለኝ ካለ፣ ዓይንህ ከመንገዱ ላይ አይነሳም። 53 ሜትር የሚረዝም ተሳቢ ሲያልፍህ መኪናህን እያወዛወዘ ነው። ጀምበር ስትጠልቅ ካንጋሮ ዘሎ ፊትህ ይደቀናል። በአንድ ነዳጅ ማደያና በሌላው መካከል ያለውን ርቀት አስልተህ ካልሄድክ ጉድህ ነው። ለሽማግሌ አባት ይሄ አይሆንም። ባቡር ላይ ቢያንስ ሁለታችሁም መስኮቱን ታያላችሁ።

ወቅቱን ግን ምረጪ። ከግንቦት እስከ ነሐሴ ያለው ነው ጥሩ። ከኅዳር በኋላ ሰሜኑ ዝናብና ወበቅ ነው፣ መሀሉ ከ40 ዲግሪ በላይ ይግላል።

የአሊስ ነርስ፦

እዚህ አሊስ ስፕሪንግስ ሆስፒታል ነው የምሠራው። የኛ ሰው ሲያልፍ ደስ ይለኛል።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ብዙ ሰው ባቡሩ በኡሉሩ በኩል የሚያልፍ ይመስለዋል። ቀዩ ቋጥኝ ማለቴ ነው። ከዚህ በመኪና 450 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ማየት ከፈለጋችሁ በትንሽ አውሮፕላን የሚወስድ ተጨማሪ ጉብኝት አለ፣ ለብቻው ነው የሚከፈለው። ቋጥኙ ላይ መውጣት ደግሞ ከ2019 ጀምሮ ክልክል ነው። ባለቤቶቹ አናንጉዎች ቅዱስ ቦታችን ነው ብለው ለዓመታት ሲለምኑ ኖረው በመጨረሻ ተሰማላቸው።

ሁለተኛ፣ አሊስ ስትደርሱ «ቶድ ወንዝ የታለ?» ትላላችሁ። የቆማችሁበት አሸዋ ነው። በውስጡ ዛፍ በቅሎ፣ ሰው ጥላ ሥር ተቀምጦበት ታያላችሁ። በየዓመቱ ከተማው የጀልባ ውድድር ያደርግበታል፤ የጀልባው ወለል ተቆርጦ ተወዳዳሪዎቹ በእግራቸው እየሮጡ። የድሬ ሰው ስለ ደረቅ ወንዝ አዲስ ነገር የለውም፣ ደቻቱን ያውቃል። ደቻቱ ግን ሲመጣ እንዴት እንደሚመጣም ያውቃል። ቶድም እንደዚያ ነው።

የምትችሉ ከሆነ የአሬርንቴ ሰዎች ራሳቸው የሚመሩትን ጉብኝት ምረጡ። ምድሩ የእነሱ ነው፣ ከእነሱ አፍ ሲሰማ ሌላ ነው።

ፉትስክሬይ ቡና፦

አንድ ቁም ነገር ልጠይቅ አሁን። ሜኑው ላይ ካንጋሮ አለ ሲባል ሰምቻለሁ። ይበላል?

ታሪክ ወዳድ፦

ሰኮናው አልተሰነጠቀ፣ አያመሰኳ። እንደ አባቶች ሥርዓት ከሆነ መልሱን ታውቀዋለህ። 😄 ባራመንዲ የሚባለውን ዓሣ ብላ፣ የሰሜኑ ወንዝ ዓሣ ነው፣ ግሩም ነው።

አዴላይድ ነኝ፦

አባትሽ ጿሚ ከሆኑ ቀድመሽ ተናገሪ። «ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የሌለበት» ብለሽ ስትይዢ አስመዝግቢው። መሀል በረሃ ላይ ሆነሽ ወጥ ቤቱን ሌላ ነገር ሥራልኝ ማለት አይቻልም። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ከሆነ ፍልሰታ ነው፣ አስቢበት። ሐላል የሚፈልግም እንደዚሁ ቀድሞ ይጠይቅ።

አቅጣጫውን በተመለከተ፣ ከዳርዊን ወደ ደቡብ የሚመጣው አንድ ሌሊት ይጨምራል፣ ሦስት ሌሊት ማለት ነው። በምትኩ ኩበር ፒዲ ያቆማል። እኔ ያንን ባለማየቴ ይቆጨኛል። የኦፓል ድንጋይ የሚወጣባት ከተማ ናት፤ በ1915 ነው የተገኘው። ሰው ከሙቀቱ ሸሽቶ ኮረብታውን ፈልፍሎ ውስጡ ይኖራል። የሰርቢያ ኦርቶዶክሶች ደግሞ ከአለት ውስጥ የፈለፈሉት ቤተ ክርስቲያን አላቸው።

የከዚራ ልጅ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ሲባል አለቀ፣ ወሰንኩ። ዳርዊን በአውሮፕላን እንሄዳለን። ከዚያ በዘ ጋን አዴላይድ፣ ከአዴላይድ ሜልቦርን ደግሞ ኦቨርላንድ የሚባለው የቀን ባቡር አለ፣ በእሱ። ያዝኩት። ባለቤቴ «ሰው አያብድም» አለኝ። ስንመለስ እጽፋለሁ።

የከዚራ ልጅ፦

ተመልሰናል። ቃል ስለገባሁ ይኸው፣ ይረዝማል።

ዳርዊን ላይ ጣቢያው ከከተማው ውጭ ነው፣ በአውቶቡስ ነው የሚወስዱት። አባቴ እንደወረደ ወደ ክፍላችን መሄድ ትቶ ወደ ፊት መራመድ ጀመረ። ሎኮሞቲቩን ሊያይ ነው። ባቡሩ 700 ሜትር አካባቢ ስለሚረዝም መጨረሻው አይታይም። አስተናጋጇ «ጌታዬ፣ የእርስዎ ፉርጎ በዚያ በኩል ነው» ትላለች፣ እሱ «አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» እያለ ይሄዳል። በአማርኛ ነው የሚመልስላት። እኔ ሻንጣ ይዤ ከኋላ። መጨረሻ ላይ ሁለቱን ቀይ ሎኮሞቲቮች አየ፣ ትንሽ ዝም አለና «በናፍጣ ነው እንዴ?» አለኝ። አዎ አልኩት። «የእኛ አዲሱ በኤሌክትሪክ ነው» አለ። ይህን ዓረፍተ ነገር እስከ አዴላይድ ከእያንዳንዱ ተሳፋሪ ጋር አስተርጉሞኛል።

ስንነሳ ሌላ ነገር አስጨነቀው። «ድምፁ የታለ?» አለ። ሀዲዱ ተበይዶ አንድ ወጥ ስለሆነ የድሮው ታክ-ታክ የለም። ጆሮውን መስኮቱ ላይ ለጥፎ ቆየ። ከዚያ ስለ ብየዳው አስረዳኝ፤ በሙቀት ሀዲዱ ሲለጠጥ እንዳይጎብጥ እንዴት እንደሚወጠር፣ ኮንክሪቱ ለምን ከባድ መሆን እንዳለበት። አባቴ በሕይወቴ እንደዚያ ረጅም ነገር ነግሮኝ አያውቅም። ካትሪን ከመድረሳችን በፊት ነው ይሄ ሁሉ።

ካትሪን ላይ ኒትሚሉክ ገደል በጀልባ ገባን። ምድሩ የጃዎይን ሕዝብ ነው፣ መንግሥት በ1989 መልሶላቸው አሁን አብረው ያስተዳድሩታል። ግድግዳው ላይ የጥንት ሥዕል አለ። የሐረር አካባቢ ዋሻ ሥዕል የሚያውቅ ሰው ይገባዋል። አዞ አለ ሲሉት ግን አባቴ እጁን ከጀልባው ጠርዝ አነሳ፣ እስክንመለስም አላወረደም።

አሊስ ላይ @የአሊስ ነርስ መጥታ ተቀበለችን! እናት ነሽ። አምባሻው እስከ አዴላይድ ቆየ። ፉርጎው ውስጥ ላሉት አውስትራሊያውያንም አካፈልናቸው፤ ከዚያ በኋላ እራት ላይ ብቻችንን ተቀምጠን አናውቅም። ጠረጴዛው የአራት ሰው ስለሆነ ከማታውቁት ሰው ጋር ነው የሚያስቀምጧችሁ። እኔ መጀመሪያ ጨንቆኝ ነበር። አንድ ጡረተኛ የባቡር ነጂ ተሳፋሪ አገኘንና አለቀ፤ ሁለቱ በእጅ ምልክት ስለ ፍሬን ሲያወሩ እኔ ጣፋጬን በላሁ።

አሁን ኩበር ፒዲ። ባቡሩ ማንጉሪ የሚባል ባዶ ሜዳ ላይ ይቆማል። ከዚያ 40 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ነው። ከተማዋ ከላይ ስትታይ ምንም የላትም። የተቆፈረ አፈር ክምር ብቻ፣ በየቦታው። ውስጧ ስትገባ ግን ቤቱ፣ ሱቁ፣ ሆቴሉ ሁሉ ከመሬት በታች ነው። ውጭው ምንም ያህል ቢግል ውስጡ ዓመቱን ሙሉ ሃያ ምናምን ዲግሪ ነው።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አባቴ ጫማውን አወለቀ። አስጎብኚው አያስፈልግም አለው። አባቴ ገብቶት ይሁን ሳይገባው፣ ጫማውን አስተካክሎ ጥግ አስቀመጠና ገባ። ከኋላችን የነበሩ ጥቂት ሰዎችም ግራ ተጋብተው አወለቁ። ግድግዳው ላይ የቆፈረው ማሽን ጥርስ ክብ ክብ ምልክት ትቷል፣ እንደ ጌጥ ነው የሚታየው። አባቴ በጣቱ ተከተለው። «ይሄ በማሽን ነው። ላሊበላ በእጅ ነው» አለ። ውድድር መሆኑ ነው። ቀጥሎ ግን ማሽኑ ምን ዓይነት እንደሆነ እንድጠይቅለት አደረገኝ።

የማይመቸውንም ልናገር። ሌሊት ይንጣል፤ እንቅልፉ ቀላል የሆነ ሰው የጆሮ መድፈኛ ይያዝ። የጭነት ባቡር ለማሳለፍ ሌሊት በረሃ መሀል ቆመን ቆይተናል። እኔ ተነጫነጭኩ፣ አባቴ ተነስቶ የሚያልፈውን ፉርጎ ቆጠረ። ስልክ ከከተማ ካልሆነ አይሠራም። ላይኛው አልጋ ላይ ቀና ካላችሁ ራሳችሁን ትመታላችሁ።

@ቆጣቢው ቀይ አፈሩን በተመለከተ፣ አንድ ዓይነት አይደለም። ሰሜኑ ላይ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የምስጥ ኩይሳ የሞላበት ጫካ ነው፤ እየሳሳ ሄዶ አሊስ ጋ የማክዶኔል ተራሮች ይመጣሉ። ከዚያ በታች ነው አንተ የምትለው ሜዳ የሚጀምረው። ፍጥነቱ በአማካይ 85 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ሲለወጥ ይታያችኋል። በአውሮፕላን ይሄ የለም።

ቆጣቢው፦

አንብቤ ጨረስኩ። ዋጋው አሁንም አልተዋጠልኝም። ግን እናቴ ብትመጣ... ርካሽ ነገር የለም እንዴ?

ታሪክ ወዳድ፦

አለ። ከፖርት ኦገስታ ኩዎርን በድሮው የጋን ሀዲድ ላይ ፒቺ ሪቺ የሚባል አሮጌ ባቡር ይሄዳል፤ 39 ኪሎ ሜትር። በጎ ፈቃደኞች ናቸው የሚነዱት፣ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭም አላቸው። ሁልጊዜ ስለማይሄድ ቀኑን አስቀድመህ እይ። ልጆች ላሉት ሰው ከዘ ጋን ይልቅ ይሄንን እመክራለሁ።

አቦ ድሬ፦

አባትሽ ደውሎልኝ ነበር። አንድ ሰዓት ሙሉ! ስለ ገደሉ ጠየቅኩት፣ ስለ ብየዳ ነገረኝ። ፎቶ ላኪ አቦ።

ሹፌሩ፦

ቀጣዩ ኢንዲያን ፓሲፊክ ነው እንግዲህ። ከሲድኒ ፐርዝ፣ 4,352 ኪሎ ሜትር። ናላርቦር ሜዳ ላይ 478 ኪሎ ሜትር ሙሉ አንዲት ኩርባ የሌላት ቀጥ ያለች ሀዲድ አለች፤ በዓለም ከሷ የሚረዝም ቀጥታ የለም።

የከዚራ ልጅ፦

@ሹፌሩ እባክህን ይሄን ነገር አጥፋው። @አቦ ድሬ ደግሞ አንተ ለአባቴ ትንፍሽ እንዳትል፣ ክሬዲት ካርዴ ገና ከዘ ጋን አልተነሳም።

አቦ ድሬ፦

ዘገየሽ። ስንት ፉርጎ አለው ይላል።